«ፎቶው ንጹሕ ነው» ተባልኩ፤ ራሴን ግን በየቀኑ ያመኛል

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 36 ሲሆን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ጭንቅላቴ ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ለጥቂት ደቂቃ ራሴን ስቼ እንደነበር የነገሩኝ ያነሡኝ ሰዎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው ሆስፒታል ስደርስ ሁለት ጊዜ ማስመለሴን ብቻ ነው። ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ «ፎቶው ንጹሕ ነው፣ ደምም ስብራትም የለም» ተብዬ ፓራሲታሞል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ራስ ምታቱ በማግስቱ ጀመረኝ፤ ይኸው ስድስተኛ ወሩን ሊደፍን ነው። አብዛኛውን ቀን ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ ግንባሬ ጨምድዶ ይይዘኛል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ይመጣል። በግራ በኩል ብቻ ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላኛል፤ ጨለማ ክፍል ገብቼ ከመተኛት በቀር ምንም ማድረግ አልችልም። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ሲነሣብኝ ጠመኔውን ጥዬ የምወጣበት ቀን አለ።

ኢቡፕሮፌን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ እጨምርበታለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ያገኘሁትን ትራማዶል በሳምንት ሦስትና አራት ቀን እውጣለሁ። ባለቤቴ «ሱስ ይዞሃል» ትለኛለች። እናቴ ጠበል ካልገባህ ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ኤምአርአይ ካልተነሣህ በሽታህ አይታወቅም፣ አዲስ አበባ ሂድ» እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። ለቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ የታሰበ የዕቁብ ገንዘብ ሰሞኑን ወጥቶልኛል፤ ለዚሁ ላውለው ይሆን እያልኩ ነው። ርእሰ መምህራችን ደግሞ «ካልቻልክ ማስረጃ አምጣና የቢሮ ሥራ ፈልግ» ብሎኛል። ባልደረቦቼ «ጤነኛ ትመስላለህ እኮ» ይሉኛል።

ቀድሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጦሳ ተራራን እወጣ ነበር፤ አሁን ጭንቅላቴ ይነካብኛል ብዬ ተውኩት። ሌሊት ያ ባጃጅ ሲገለበጥ እያየሁ እባንናለሁ። ባጃጅ አልሳፈርም፤ ትምህርት ቤት በእግሬ ነው የምመላለሰው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ባለፈው ሳምንት የስድስት ዓመት ልጄ እየዘፈነች ስትገባ እንደ እብድ ጮኽኩባት። አሁን ከሥራ ስመለስ ከአልጋ ጀርባ ትደበቃለች። ማስተማሩን ልተወው? ገንዘቡን ለምርመራ ላውጣው? ወይስ እውነትም ሱሰኛ ሆኛለሁ?

መልስ

መምህር፣ ገንዘቡ እጅዎ ላይ ስላለ የሚቸኩለው ጥያቄ እሱ ነውና ከዕቁቡ ልጀምር። ኤምአርአይ ለመነሣት ብቻ ብለው አሁን አዲስ አበባ አይሂዱ። ቆርቆሮውን ይግዙ። ምክንያቴን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ፤ ምክሩ የሚጸናው ግን ቀጥሎ ለምጠይቅዎ ነገሮች ሁሉ መልስዎ «የለም» ከሆነ ነው።

ሕመሙ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየከፋ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል? ጠዋት ጠዋት ያስመልስዎታል? ሲያስሉ ወይም ሲያጎነብሱ ይብስብዎታል? አንድ እጅዎ ወይም እግርዎ ዝሎብዎት፣ አንደበትዎ ተሳስሮብዎት፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታይቶዎት ያውቃል? ሰውነትዎ ያንቀጠቅጥዎታል? ቀን ቀን ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ይጥልዎታል? ባለቤትዎ «ዛሬ ግራ ገብቶታል፣ የሚናገረው አይያያዝም» ብላ ታውቃለች? ይህን የምጠይቀው ከአደጋው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ በአንጎል ሽፋን ሥር የሚጠራቀም ደም ስላለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሲቲ ስካን ላያሳየው ይችላል። በብዛት የሚያገኘው አረጋውያንን፣ ብዙ የሚጠጡ ሰዎችንና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱትን ነው፤ እርስዎ በዕድሜም በጻፉልን ምልክትም ከእነሱ የሚመደቡ አይመስለኝም። ሆኖም ከዘረዘርኳቸው አንዱ እንኳ ካለብዎት ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። እዚያው ደሴ ዳግም ሲቲ ስካን መነሣት በቂ ጅምር ነው።

የለም ካሉ እንቀጥል። የደረሰብዎት የአንጎል መናወጥ ነው። ሲቲ ስካን የሚያየው የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ነው እንጂ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደውን የመብራት መስመር አይደለም። ደም መፍሰሱን፣ አጥንት መሰበሩን፣ ማበጡን ይናገራል። የነርቭ ሴሎች ተናውጠው ሥራቸው ሲዛባ፣ የሕመም መስመሮች ከልክ በላይ ንቁ ሲሆኑ፣ የአንገት ጅማትና ጡንቻ ተወጥሮ ሲቀር ግን በዚህ ፎቶ ላይ የሚታይ ነገር የለም። በሆስፒታል የሚሰጠው ኤምአርአይ ከሲቲ ስካን ይበልጥ ረቂቅ ነገር ቢያሳይም በእርስዎ ዓይነት ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው እንዲሁ «ንጹሕ ነው» እየተባለ ነው። ወንድምዎ የሚደውለው ስለሚወድዎትና ከሩቅ ሆኖ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ስላጣ ነው፤ ይገባኛል። ግን ተራው መገለበጥ አለበት። ሐኪም በእጁ ይመርምርዎ፤ ዓይንዎን፣ ሚዛንዎን፣ አንገትዎን፣ ጉልበትዎን ይይ። እሱ የሚያጠራጥር ነገር አግኝቶ ኤምአርአይ ካዘዘ ያኔ ገንዘቡ ያለ ጥርጥር ወደዚያ ይሂድ።

«ጤነኛ ትመስላለህ» ለሚሉዎት ባልደረቦች አንድ ነገር ማወቅዎ ይበቃል። ከጭንቅላት አደጋ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ የሚጀምር ራስ ምታት በዓለም አቀፉ የራስ ምታት አመዳደብ ራሱን የቻለ ስም አለው። ከ3 ወር ሲያልፍ ደግሞ የሰነበተ ተብሎ ይመዘገባል። የእርስዎ በማግስቱ ነው የጀመረው፤ ስለዚህ መዝገብ ውስጥ ቦታ ያለው ሕመም ነው፣ ልታመን ብለው የፈጠሩት አይደለም። ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ይድናል፤ የሚሰነብትበትም አለ።

እንግዲህ ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሰጠኝም እሱው ነው። እንደምገምተው አሁን ራስዎን የሚያምዎት ባጃጁ ብቻ አይደለም። ማስታገሻው ራሱ ሁለተኛ ራስ ምታት ደርቦብዎታል። ራስ ምታት ያለበት ሰው እንደ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ትራማዶል ያሉትን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከ3 ወር አልፎ ከወሰደ ማስታገሻው ሕመሙን ማስታገሱን ትቶ ይመግበው ይጀምራል። ነርቭ ለሕመም ያለው ስሜት ይጨምራል፤ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ራሱ ያምዎታል፤ እርስዎም ሌላ ፍሬ ይውጣሉ። እስቲ ያስቡት፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ገና ምንም ሳይሠሩ ያምዎታል? የመጀመሪያውን ኢቡፕሮፌን ከዋጡ በኋላስ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀልልዎት? አዎ ከሆነ ነገሩ ይህ ነው ብዬ ብዙ እጠረጥራለሁ።

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ላይ አንዱን መደረብ የሕመሙን ማስታገስ እጥፍ አያደርገውም፤ ጨጓራን ማድማቱና ኩላሊትን መጉዳቱ ግን ይጨምራል። መደረቡን ከዛሬ ጀምረው ይተዉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ቀን ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ሳይናገሩ እንዳይወጡ።

ባለቤትዎ «ሱስ» ስትል የምታየው ነገር አላት፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከእርስዎ ይልቅ የምትቆጥረው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ግን ኢቡፕሮፌን ሱስ የሚያሲዝ መድኃኒት አይደለም። እርስዎም ደስታ ፍለጋ የሚውጡት አይደለም፤ ክፍል ገብቶ ማስተማር ስላለብዎት ነው። ትራማዶል ግን ይለያል። እሱ በእርግጥ ያለምዳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ላብ፣ መቅበዝበዝ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ያስነሣል፤ ጭንቅላቱ በተመታ ሰው ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ መሆን አለበት። መድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ መስጠቱ ተገቢ አልነበረም። ስለዚህ ትራማዶልን በራስዎ ውሳኔ በአንድ ቀን አይጣሉት፤ ሐኪሙ ደረጃ አውጥቶ ያስቀንስዎ። ሌላው ቢቀር ቁጥሩን እንዳይጨምሩ።

ኢቡፕሮፌኑን ግን በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል። አልዋሽዎትም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ከሁለት ቀን እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ሕመሙ ብሶ ሊነሣ፣ ሊያቅለሸልሽዎትና እንቅልፍ ሊነሣዎት ይችላል። ይህን እያወቁ ፈተና በሚታረምበት ሳምንት መጀመር ራስን መቅጣት ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቀርቧልና ለዚያ ያቅዱት። ለባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ «የሚመጣው ሳምንት ክፉ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀልላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጠብ ያስቀራል። በእነዚያ ቀናት ለማስመለሱ የሚሆን መድኃኒትና እንደ መሸጋገሪያ የሚያገለግል ሌላ ነገር ሐኪሙ ሊያዝልዎ ይችላል፤ ይጠይቁት። ካለፈ በኋላ ለሚነሣብዎት ሕመም ማስታገሻ አይከለከሉም። በሳምንት ከሁለት ቀን እንዳይበልጥ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ለኛ እንደጻፉልን አድርገው ይንገሩት፤ በጣም ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት። ሁለት ዓይነት ሕመም ለይተዋል፤ ሕክምናውም የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ለአንጎል መናወጥ ራስ ምታት ተብሎ ለብቻው የተሠራ መድኃኒት የለም። ሐኪሞች የሚያደርጉት ሕመሙ የሚመስለውን ዓይነት አይተው በዚያ ማከም ነው። በግራ በኩል የሚወቅርዎትና ከማቅለሽለሽ ጋር የሚመጣው ማይግሬን ይመስላል። ከማጅራት ተነሥቶ የሚጨመድደው ደግሞ ከውጥረትና ከአንገት የሚመጣውን ይመስላል።

በሽታው ከመነሣቱ በፊት እንዲከላከል በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። በአገራችን በቀላሉ የሚገኘውና ውድ ያልሆነው አሚትሪፕቲሊን ነው። ማታ ማታ በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለእርስዎ የተሰባበረ ሌሊት ሁለት ጥቅም ይኖረው ይሆናል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ጭንቅላት ያከብዳል፣ ሆድ ያደርቃል፤ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በዐሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የድብርት መድኃኒት ተብሎ ቢነገርዎት አይደንግጡ። በትንሽ መጠን ሲሰጥ የሚፈለገው ለሕመም ነው። ፕሮፕራኖሎልም ለማይግሬኑ የሚረዳ ነው፤ አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። አንድ ነገር አደራ፦ አሚትሪፕቲሊንና ትራማዶል አብረው ሲወሰዱ የመንቀጥቀጡን አደጋ ያባብሳሉ። ትራማዶሉን አፍረው ለሐኪሙ ካልነገሩት እሱ ሳያውቅ በላዩ ላይ ሊያዝልዎ ይችላል።

ለአንገትዎ ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ። በሪፈራል ሆስፒታሎች ይገኛል። ጭንቅላት በዚያ ኃይል ሲመታ አንገት አብሮ ይጎተታል፤ የማጅራቱ ሕመም ከዚያ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ሠልጥኖ የወጣ ባለሙያ የሚያሠራዎት ቀላል የአንገትና የትከሻ እንቅስቃሴ ከብዙ ክኒን ይበልጣል። ወጌሻ አንገትዎን በድንገት ጠምዝዞ «ጭጭ» እንዲያደርግልዎ ግን እንዳይፈቅዱ። ወጌሻ ብዙ ሰው የረዳ እጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች በአንገት ውስጥ ስለሚያልፉ ነው የምፈራው።

ጦሳን ስለመተውዎ ሳነብ አዘንኩ። ምናልባት እርስዎ የሰሙት የድሮው ምክር ይሆናል፤ ጨለማ ክፍል ተኛ፣ አትንቀሳቀስ የሚለው። ዛሬ ምክሩ ተለውጧል። በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የስፖርት የአንጎል መናወጥ ባለሙያዎች በ2023 ባሳተሙት የጋራ መግለጫ የሚመክሩት የመጀመሪያዎቹን አንድና ሁለት ቀን ቀለል ባለ ዕረፍት ማሳለፍን፣ ከዚያ ግን በእግር ከመሄድ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መንቀሳቀስን ነው። ይህ ለስፖርተኛ ይጻፍ እንጂ ለመምህርም ይሠራል። አሜሪካ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በመሮጫ ማሽን ላይ የሰውን ልብ ምት እየለኩ ሕመሙ የሚነሣበትን መጠን ፈልገው ከዚያ ዝቅ ባለው ያሠሩታል። እርስዎ ማሽን የለዎትም፤ ከዜሮ እስከ ዐሥር መቁጠር ግን የሒሳብ መምህር አያቅተውም።

ከመነሣትዎ በፊት ሕመሙ ስንት ነው? ሦስት ነው እንበል። ለጥ ባለ መንገድ 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይሂዱ። ሕመሙ እስከ አምስት ከፍ ብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ምንም አልጎዱም፤ በሁለት ቀን ልዩነት ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ከዘለለ በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ትምህርት ቤት በእግር መመላለስዎ ለዚህ ጥሩ መነሻ ሆኖልዎታል፤ በእርግጥ ከፍርሃት የመጣ ጉዞ ነው፣ እግርዎ ግን ይህን አያውቅም። ተራራው ይቆይ። ከወራት በኋላ መጀመሪያ እስከ እግሩ፣ ቀጥሎ እስከ ወገቡ እያሉ ይውጡት። ጭንቅላት የሚያስመታ ነገር ብቻ ይራቁ፤ ከተማሪዎች ጋር ኳስ በቴስታ መምታት ለጊዜው ይቅር።

ፍርሃቱን ካነሣን ዘንድ ልቀጥል። የሚያባንንዎት ሕልምና ባጃጅ ያለመሳፈሩ አንድ ላይ ሲታዩ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ይመስላሉ። ይህ ራስ ምታቱን «ከሐሳብ የመጣ ነው» አያሰኘውም። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ሕመምን ይበልጥ ያዳምጣል፤ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እንቅልፍ ያጣል፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መፍታት ይከብዳል። ሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ክፍል ካለው ባለሙያዎቹ ጋር መነጋገር ለእርስዎ የሕክምናው አካል ነው። ሲሄዱ «አብዷል» ይሉኝ ይሆን የሚለው ስጋት ይይዝዎት ይሆናል፤ በር ላይ ከተማሪ ወላጅ ጋር መገናኘቱን የማይፈራ መምህር የለም። ባለቤትዎ አብራ ብትሄድስ? እሷ ሌሊቱን ስለምታይ እርስዎ የማያስታውሱትን ትናገራለች።

ስለ ጠበሉ ከእናትዎ ጋር አይጣሉ። ወደ ጠበል መሄድና መድኃኒት መውሰድ አይጣረሱም፤ መድኃኒቱን «እምነት ማጉደል ነው» ብሎ የሚያስጥልዎ ሰው ካለ ብቻ እምቢ ይበሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ዐቢይ ጾም መቅረቡ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መቆየት ማይግሬን ላለበት ሰው ራስ ምታትን በእጅ እንደመጥራት ነው። የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መፍትሔ እንዳላት እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የጾሙን ምግብ ሰዓቱን አስቀድመው መብላት ይቻላል። ቡናም እንዲሁ ነው። በቀን አንድ ሁለት ስኒ በተመሳሳይ ሰዓት ክፉ አይደለም፤ አንድ ቀን ሦስቱንም እስከ በረካ ጠጥቶ በማግስቱ ፈጽሞ መተው ግን ራስ ያሳምማል። ከቀትር በኋላ ባይጠጡ ለእንቅልፍዎም ይበጃል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። ማስተማሩን አይተዉ፤ ቢያንስ አሁን አይተዉ። መድኃኒት ተጭኖብዎት፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ተገቢውን ሕክምና ገና ሳይጀምሩ የሚወስኑት ውሳኔ ነው። ርእሰ መምህሩ ማስረጃ አምጣ ካለ ያምጡለት፤ የሚጠይቁት ነገር ግን የቢሮ ሥራ አይሁን። ሐኪሙ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚሆን የሥራ ማቅለያ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ከዚያ ርእሰ መምህሩን ብቻቸውን አግኝተው እንዲህ ይበሏቸው፦ «ሥራዬን ልተው አልመጣሁም፤ ለመቆየት ነው የመጣሁት። እስከ ሚያዝያ ድረስ ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ እንዳይደረግብኝ፣ ፈተና ማረሙን ከባልደረባ ጋር እንድካፈል ይፍቀዱልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።» ጊዜው የተገደበ ጥያቄ እምቢ ለማለት ይከብዳል። ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ ድምፅዎን ማሰማት የለብዎትም። ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪዎቹን በቡድን ማሠራት ለእርስዎ ጉሮሮም ለጭንቅላትዎም ዕረፍት ነው፤ ሰባ ልጅ በቡድን ሲሠራ ጫጫታ እንደሚኖረው አውቃለሁ፣ በሹክሹክታ የሠራው ቡድን ነጥብ ያገኛል ካሉ ግን ልጆች ለነጥብ የማያደርጉት የለም። ማረሙን በአንድ ሌሊት አይጨርሱት፤ ግማሽ ሰዓት አርመው ዐሥር ደቂቃ ዓይንዎን ያሳርፉ።

ልጅዎ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትደበቀው የጮኹበትን ምክንያት ራሷ ውስጥ ስለፈለገችው ነው። ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አባት ከተቆጣ ጥፋቱ የእሷ ነው። ቀለል ያለ ቀን መርጠው ወለሉ ላይ ከአጠገቧ ይቀመጡ። «አባባ ባጃጁ ጊዜ ራሱን ተመታ። ውጪው ድኗል፣ ውስጡ ገና አልዳነም። ሲያመኝ ድምፅ ይጎዳኛል። የጮኽኩት አንቺ ስላጠፋሽ አይደለም፤ መጮኼ ልክ አልነበረም» ይበሏት። ከዚያ ምልክት ይስጧት። ለምሳሌ ሲያምዎት ነጠላ ትከሻዎ ላይ ይጣሉ፤ ያን ጊዜ ቀስ ብላ እንድትጫወት። ነጠላ የሌለ ቀን የፈለገችውን ትዝፈን። ምልክቱን ያለ ምክንያት እንዳያበዙት ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሁልጊዜ ነጠላ የለበሰ አባት ለልጅ ሁልጊዜ የታመመ አባት ነው።

ከዚህ ሳምንት የሚጀምሩት አንድ ደብተር ነው። በየቀኑ ማታ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ሕመሙ ከዐሥር ስንት፣ ከሁለቱ የትኛው ዓይነት፣ የወሰዱት መድኃኒት ስሙና ብዛቱ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ምግብ ዘልለው እንደሆነ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ገልብጠው የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይግቡ። ለዚህ ሕክምና የነርቭ ሐኪም የግድ አይደለም፤ ከላይ ያልኳቸውን አብዛኞቹን የውስጥ ደዌ ሐኪም ያዝዛል፣ ማስታገሻው ቆሞ መከላከያውን ሁለት ወር በትክክል ወስደው ካልተሻለዎት ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር ይጻፍልዎ። ጥቁር አንበሳን ለመሰለ ሆስፒታል የአዲስ አበባው ጉዞ ያኔ በምክንያት ይሆናል፤ ደብተሩንም የሲቲ ስካኑንም ፊልም ይዘው ይሂዱ። የትራማዶሉን ብልቃጥም ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት፤ ስሙን ከመጥራት ማሳየቱ ከቀለለዎት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።